ለግማሽ ሰዓት መንገድ አልጋ መያዝ

ባለፈው ዕትም ስለ አማትና ምራት በጻፍነው ላይ የላካችኋቸው ደብዳቤዎች ደርሰውናል፤ ወደ እነሱ እንመለሳለን። ለዛሬ ግን ከአዲስ አበባ አንድ የሦስት ልጆች አባት የጻፈልንን አስቀድመናል። ስሙ እንዳይወጣ ስለ ጠየቀን አናወጣውም፤ ሐሳቡን ግን አሳጥረን እነሆ፦

“ልጆቼ ቢሾፍቱ፣ ኩሪፍቱ ያለውን የውሃ መዝናኛ ፓርክ በቴሌቪዥን ካዩ ወዲህ እንቅልፍ ነሥተውኛል። ባለቤቴም ከእነሱ ጋር ሆና ‘ከሄድን አይቀር አንድ ሌሊት አድረን እንምጣ’ ትላለች። ቢሾፍቱ ለአዲስ አበባ ጓሮ ናት፤ አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህማ ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት መግባት ቀላል ነው። ታዲያ ለአልጋ ገንዘብ ማፍሰስ ብክነት አይደለም? ደግሞስ አማኝ ቤተሰብ መዝናኛ ቦታ ሄዶ ማደሩ ከዓለም ጋር መመሳሰል አይሆንም? እኔ እንቢ ብያለሁ፤ ቤታችን ግን ሰላም አጣ።”

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ። ሁለቱንም ጥያቄ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል፣ እኔም በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ለባለቤቴ አቅርቤላት ነበርና። ቀጥሎ ግን ሳቄ ተቋረጠ። ለምን እንዳቀረብኩላት ትዝ አለኝ።

የምንኖረው መሸንቲ ነው። መሸንቲ ከባሕር ዳር ወደ መራዊና ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ ከባሕር ዳር ሳተላይት ከተሞች አንዷ ናት፤ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ግድም። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ባለቤቴ በጤና ጣቢያ ትሠራለች። በከተማችን ወንጌላውያን ጥቂት ስለሆንን እሑድ እሑድ ለአምልኮ ወደ ባሕር ዳር እንወርዳለን። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በተጋባን አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በየሳምንቱ ባሕር ዳር ሄደናል፤ ሐይቁ ዳር ግን በቤተሰብ አንድ ቀን ቁጭ ብለን አናውቅም። ከአምልኮ በኋላ የመዘምራን ልምምድ አለ፣ የሕንፃ ኮሚቴ አለ፣ ገበያ አለ፤ ከዚያ መኪና እንዳያመልጠን መሮጥ ነው።

ነገሩን የጀመረችው የያኔዋ የአሥር ዓመት ልጃችን ናት። ለፈተና ስታጠና ጣና በአገራችን ትልቁ ሐይቅ መሆኑን፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ መገኘቱን፣ ዓባይም ከእሱ እንደሚነሣ በቃሏ አነበነበችልኝ። ከዚያ ደብተሯን ዘግታ “አባዬ፣ ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ ይታያል?” አለችኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አስተምሬዋለሁ፤ ቦታውን ግን አይቼው አላውቅም።

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ሰምታን ኖሯል። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ “በመንፈቁ ዕረፍት ባሕር ዳር ወስደን አንድ ሌሊት እናሳድራቸው” አለችኝ። እኔም ተነሣሁ። ለግማሽ ሰዓት መንገድ አልጋ ይያዛል? የጌታን ገንዘብ ለዚህ ማዋል ይገባል? ስለ ድሆች ተናገርሁ፣ ስለ ወንጌል ሥራ ተናገርሁ፣ ስለ መጨረሻው ዘመንም ሳልናገር አልቀረሁም። ድምፄ የመድረክ ድምፅ ነበር። እሷ መልስ አልሰጠችኝም፤ ሳህኑን አጥባ ተኛች።

እውነቱን ልንገራችሁ። ጉዳዩ ዓለማዊነት አልነበረም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከቁጠባና ብድር ማኅበር ሲበደር ዋስ ሆኜ ፈርሜለት ነበር፤ ባለቤቴን ሳላማክር። ሰውዬው መክፈል አቆመና ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ 800 ብር ከእኔ ደመወዝ ይቆረጥ ጀመር። “ደመወዝህ ምነው ጎደለ?” ስትለኝ “መዋጮ ነው” እላታለሁ። ስለዚህ ስለ ጉዞ ማውራት ማለት ስለ ገንዘብ ማውራት ነበር፤ ስለ ገንዘብ ማውራት ደግሞ ደብተሩን መክፈት ነው። ደብተሩን መክፈት ስላልፈለግሁ መጽሐፍ ቅዱሱን ከፈትሁ። ይህንን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይቀላል።

ከሳምንት በኋላ ባለቤቴ ከልጆቹ ደብተር የተገነጠለ ወረቀት ይዛ መጣች። ስልክ እየደወለች፣ አንዳንዱንም እሑድ ከአምልኮ በኋላ በእግሯ እየዞረች ጠይቃ ሁሉን ጽፋዋለች። ሐይቁ ዳር ካሉት ትላልቅ ማረፊያዎች በአንዱ ለአንድ ክፍል የጠየቋት 2,400 ብር ነው፤ ያውም ለሁለት ሰው። ከሐይቁ ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ ፔንሲዮን ግን ሁለት አልጋ ያለው ክፍል 350 ብር፣ ተጨማሪ ፍራሽ 50 ብር። ለሚኒባስ ደርሶ መልስ 80፣ ለአምስታችን የመዋኛ መግቢያ 240፣ ጀልባ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተካፍሎ 300፣ ለምሳና ለሻይ 150፣ ለእራት ዓሣ 280፤ በጠቅላላው 1,450 ብር። ከታች “ከዕቁቤ 1,500 አለኝ፤ 50 ለድንገተኛ” ብላ ጽፋበታለች። እንግዲህ የአምስት ሰው ጉዞ ከነእራቱ፣ ሐይቅ ዳር ከሚከፈለው የአንድ ክፍል ዋጋ አንሶ ተገኘ። ምን ልበል? ዝም አልሁ።

(ይህን ዋጋ ይዛችሁ ዛሬ እንዳትሄዱ አደራ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ወዲህ ሁሉ ነገር ተለውጧል። አሠራሩን እንጂ ቁጥሩን አትውሰዱ።)

የካቲት ሲገባ ድፎ ዳቦ ጋግረን፣ ልብሳችንን በሁለት ፌስታል ይዘን ወጣን። አንዲት አዛውንት ጎረቤታችን በር ላይ አገኙንና “ማን ታሞባችሁ ነው ልጄ?” አሉኝ። “ማንም አልታመመ እማማ፤ ባሕር ዳር ልናድር ነው።” “እኮ ለማን ለቅሶ?” በእኛ አገር ሰው ከቤቱ ውጭ የሚያድረው ለለቅሶ፣ ለሰርግ ወይም ለሕክምና ነው። ለዕረፍት ብዬ ባስረዳቸው ለሳምንት ሙሉ መንደሩ ይስቅብኝ ነበር፤ ስለዚህ “ልጆቹ ሐይቅ ሊያዩ ነው” ብዬ አለፍሁ። “ይመልሳችሁ” አሉን፣ አሁንም ግራ ገብቷቸው።

ስለ ፔንሲዮኑ ብዙ የሚባል የለም። ባለቤቴ ከመምረጧ በፊት የጠየቀቻቸውን ግን ልጥቀስ፤ ከምድር ቤቱ መጠጥ ቤት አለ ወይ? ውሃ በስንት ሰዓት ይመጣል? ልጆች ለማሳደር ፈቃደኞች ናችሁ? የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ በርካሽ ብዙ አልጋ አለ፤ ነገር ግን ከሥሩ ግሮሰሪ ያለበት ቤት ሙዚቃው እስከ እኩለ ሌሊት ልጅ አያስተኛም፤ የሚገባውና የሚወጣውም ለልጅ ዓይን አይመችም። የእኛው ጸጥ ያለ ነበር። ሙቅ ውሃ አለ ተብለን አልነበረም፤ ሠራተኛዋ በባልዲ አሙቃ አመጣችልን፤ ልጆቹ እንዲያውም በእሱ ደስ አላቸው። አጎበር ባለቤቴ ከቤት ይዛ መጥታለች፤ ባሕር ዳር የወባ አገር ነው። ሐይቁ ውስጥ መንቦራጨቅም ከልክላለች፤ በጣና ዳርቻ የብልሃርዚያ በሽታ ስላለ። የጤና ባለሙያ ያገባ ሰው እንዲህ ነው የሚዝናናው።

ለዋና የሄድነው መግቢያ እየከፈሉ ወደሚገቡበት አንድ ሆቴል ነው። ያላደረበትን ሰው መዋኛ የሚያስገቡ ሆቴሎች መኖራቸውን አላውቅም ነበር። ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ወደ ትንሹ ገንዳ ገቡ። እኔ ከሸሚዜና ከጫማዬ ጋር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ልብስ እጠብቃለሁ፤ በስልክም የሕንፃ ኮሚቴውን ጉዳይ እነጋገራለሁ። ባለቤቴ ከውሃው ሆና አየችኝና “ቦርሳ ጠባቂ አድርገን ነው እንዴ ያመጣንህ?” አለችኝ። ቁምጣ አልያዝሁም ብዬ አመካኘሁ። የሰባት ዓመቱ ልጄ “ሱሪህን ጠቅልለዋ!” አለኝ። ጠቀለልሁና እግሬን ነከርሁ፤ የአራት ዓመቷ ትከሻዬ ላይ ወጣች፤ በዚያው ሸሚዜም ራሰ። ስልኩን ባለቤቴ ወስዳ ፌስታል ውስጥ ከተተችው።

ኋላ ስለ ዋልት ዲዝኒ ያነበብሁት ይህን ቀን አስታወሰኝ። ይህ አሜሪካዊ የፊልም ሰው ሁለት ሴት ልጆቹን ሎስ አንጀለስ ወደሚገኝ ግሪፊዝ ፓርክ ወስዶ፣ እነሱ በሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ሲጫወቱ እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኖ ይጠብቃቸው ነበር። ወላጅና ልጅ አብረው የሚጫወቱበት ቦታ መኖር አለበት ብሎ ያሰበው እዚያ ተቀምጦ መሆኑን ራሱ ተናግሯል። ዲዝኒላንድ እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1955 በካሊፎርኒያ ተከፈተ፤ የፍሎሪዳው ትልቁ ደግሞ በ1971። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፓርክ አሰበ፤ እኔ ቦርሳ ጠበቅሁ። በፍሎሪዳው ፓርክ ቅጥር ውስጥ አነስ ያለ ዋጋ የሚያስከፍሉት ሆቴሎች የመጀመሪያው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። በቨርጂኒያ የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም አራት ልጆቹን ይዞ ከእነዚህ ርካሾቹ በአንዱ አርፎ ነበር። “በጨለማ ወጥተን በጨለማ ነው የምንገባው፤ አልጋው ላይ የምንቆየው ስድስት ሰዓት ነው። ለስድስት ሰዓት እንቅልፍ የቤተ መንግሥት ዋጋ ለምን እከፍላለሁ?” አለን በስልክ። እሱም ቢሆን ከመሄዱ በፊት ለሁለት ዓመት አጠራቅሟል።

ከሰዓት በኋላ ጀልባ ያዝን። የጀልባ ዋጋ ለጀልባው እንጂ ለሰው አይደለም፤ ስለዚህ ከደብረ ማርቆስ የመጣ አንድ ቤተሰብ አግኝተን እኩል ተካፈልነው። (ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ለመሄድ የምታስቡ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉት ሴት አያስገቡም። በዘጌ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት ነው።) እኛ የፈለግነው ዓባይን ነበር። ጀልባው ደንገሉን ተጠግቶ ሄደና ባለ ጀልባው ሞተሩን አጠፋው። ከፊት ለፊታችን የሁለት ጉማሬ ጆሮ ብቻ ብቅ ብሏል። ልጄ “የታል?” አለች። “ይኸው፤ ላዩ ላይ ነን” አላት ባለ ጀልባው። እውነትም ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ጀልባው በቀስታ ይሄዳል። እዚያ ላይ ሐይቅ ነው፤ እዚህ ወንዝ ነው፤ መካከሉን ግን ማንም በጣቱ ሊያሳየው አይችልም። ልጄ ውሃውን ስታይ ቆየችና “አይጮህም” አለች። ጢስ ዓባይ ላይ የሚጮኸው ውሃ ይኸው መሆኑን ስነግራት አላመነችኝም። ወደ ጢስ ዓባይ በዚያ ጊዜ አልሄድንም፤ በበጋ ፏፏቴው ቀጭን ነው፤ መታየት ያለበት ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው።

ማታ ዓሣ ጥብሳችንን በልተን፣ ጸልየን ልጆቹን አስተኛናቸው። አምስታችን በአንድ ክፍል ነን። መሸንቲ ቢሆን እኔ በዚያ ሰዓት የፈተና ወረቀት ላርም ሳሎን እቀመጣለሁ፤ እሷ ጓዳ ትሆናለች። እዚህ ግን ሳሎን የለ፣ ጓዳ የለ፣ የሚታረም ወረቀት የለ። ሁለት ኩርሲ ይዘን ጠባቧ በረንዳ ላይ ወጣን። የጎረቤቱ ሳል ሳይቀር በግድግዳው ያልፋል። ብዙ ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ ነገርኋት፤ ዋስ መሆኔን፣ 800 ብሩን፣ ‘መዋጮ’ ያልኩትን።

“አውቃለሁ” አለችኝ። “ከጥቅምት ጀምሮ አውቃለሁ። ሱሪህን ላጥብ ስል የደመወዝ ወረቀትህን ኪስህ ውስጥ አገኘሁት።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?”

“አንተ እስክትነግረኝ። ወር በገባ ቁጥር ‘ዛሬ ይነግረኛል’ እላለሁ። ገንዘቡ አይደለም የከፋኝ፤ መዋጮ ማለትህ ነው። እስከ ፋሲካ ባትነግረኝ ልጆቹን ይዤ ዳንግላ እናቴ ዘንድ ልሄድ ነበር።”

ከዚያ ተጣላን፤ የአምስት ወር ጥል። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ልጆች አጠገብ ተኝተው፣ ጎረቤት በግድግዳ እየሰማ፣ በሹክሹክታ መጣላት ከባድ ነው። ሰው ድምፁን ከፍ ሊያደርግ ሲል ይዘዋል፤ ቃሉን ይመርጣል። ቤታችን ቢሆን አንዳችን በር ዘግተን እንሄድ ነበር፤ እዚህ የሚዘጋው በር አንድ ነው፣ ከኋላውም ልጆቹ አሉ። ሌሊቱ ሲጋመስ ብርድ መጣ፤ ነጠላዋን ለሁለት ተከናነብን። ያ ማለት ታረቅን ማለት አይደለም፤ በረደን ማለት ነው። መታረቁ ጊዜ ወስዷል። በማግሥቱ ሳምንት ግን ባልደረባዬን ሁለታችን አብረን ሄደን አነጋገርነው፤ ለካስ እሱም አፍሮ ሲሸሸኝ ኖሯል። ዕዳውን ግማሽ በግማሽ ከፍለን በ2012 ዓ.ም. ጨረስን።

አሁን ወደ አንተ ጥያቄ ልመለስ፣ ወንድሜ። ስለ ዓለማዊነቱ ብዙ አልከራከርህም። እኔ ባደግሁበት ዘመን ኳስ መጫወት እንኳ ያስገሥጽ ነበር፤ ያን የሚያስቡ ሽማግሌዎቻችንን አከብራለሁ፤ ከብዙ ነገር ጠብቀውናል። ይሁን እንጂ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ደቀ መዛሙርቱ ከአገልግሎት ደክመው ሲመለሱ፣ እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ አጥተው ሳሉ፣ ጌታ በጀልባ ወደ ገለልተኛ ስፍራ እንደ ወሰዳቸው አንብብ። ሰዉ በእግር ቀድሟቸው ደርሶ ዕረፍታቸው እንደታወከም አንብብ። ስልካችንን ፌስታል ውስጥ የከተተችው ሚስቴ ይህን ክፍል ከእኔ የተሻለ ታስተምረዋለች።

እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ እንቢ ያልኸው ከእምነትህ ነው ወይስ ከኪስህ? ከእምነትህ ከሆነ ለባለቤትህ አስረዳት፤ ትሰማሃለች። ከኪስህ ከሆነ ግን “ገንዘብ የለንም” በላት፤ ይህ ነውር አይደለም። በመካከል ሌላ ሰው የማያውቀው ነገር ካለ ደግሞ ከጉዞው በፊት እሱን ተናገር፤ እኔ ካደረግሁት በተሻለ ቦታና ሰዓት።

ደብተሩ ከተከፈተ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነው። ቢሾፍቱ ከፓርኩ ውጭ ሆቴሉም ፔንሲዮኑም ብዙ ነው፤ ፓርኩ አጠገብ ማደር ግዴታ አይደለም። መግቢያው ስንት እንደሆነ፣ ልጅ በዕድሜ ይሁን በቁመት እንደሚለይ፣ ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድመህ ደውለህ ጠይቅ፤ ምሳው ከመግቢያው ሊበልጥ ይችላልና። ከቻልህ ከቅዳሜና እሑድ ውጭ ሂድ። ገንዘቡ ጭራሽ ካልበቃም እዚያው አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው አንድነት ፓርክና በ2020 የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ አሉ፤ ማደሪያውን ለሌላ ዓመት ታቆየዋለህ። ‘ለምን እናድራለን’ ላልኸው ግን ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለስ ሰው አሥር ሰዓት ሲሆን ልቡ መንገድ ላይ ነው፤ ያ በረንዳ የሚመጣው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው።

ወደ እኛ አገር ኑ ብዬ ብጋብዛችሁ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ከአዲስ አበባ በመኪና ኑ ለማለት አልደፍርም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ብዙ ጎብኚ ይጠብቃል። እኛም በየዓመቱ የካቲት እናደርገው የነበረውን ጉዞ አቋርጠን ነበር። ዓባይ አይጮህም ያለችው ልጃችን አሁን ከቁመቴ በልጣለች፤ ጉዞው በቀረበት የመጀመሪያ ዓመት ሦስቱንም ፍራሽ ጎትታ ሳሎን ዘረጋችና “ዛሬ ፔንሲዮን ነን” አለችን። አምስታችንም አንድ ክፍል ተኛን። እኔና እናቷ ሁለት ኩርሲ ይዘን ደጅ ወጣን። ውሃም ያኔ ሄዶ ስለነበር ነገሩ የፔንሲዮኑን ሳይመስል አልቀረም።

ለአንባቢዎቻችን፦ ለሰው ዋስ ስለ መሆንና የትዳር አጋርን ስለ ማማከር ያጋጠማችሁን ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ዕትም በእሱ ላይ እንነጋገራለን። ስማችሁን አናወጣም። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።